ከፎቶው ሥር የተጻፈው

«በእኛ ጊዜማ» አልኳት ሰናይትን፣ «በእኛ ጊዜማ ፎቶህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል የተባለ ሰው በደስታ እንቅልፍ ያጣ ነበር እንጂ እምቢ አይልም።» እሷ ደግሞ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ የሐኪሙን ጽሑፍ የማታምን ፊት አላት፣ በዚያ ፊት እያየችኝ «ጋሽ ታፈሰ፣ እምቢ ብለዋል አልኩዎት እኮ! የዘርፌ እናት እምቢ ብለዋል። ያ ፎቶ ለእሁድ ካልተሰቀለ የቀረው ቢሰቀል ምን ዋጋ አለው? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይሂዱና ያነጋግሩልን» አለችኝ።

ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ከፍቼ ፀጉሬ እስኪነጣ የሠራሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ፎቶ ማለት ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ኮት ተውሶ ነው። ኮቱ የእኔ ነበር፣ አንድ ኮት፤ ግማሹ ከተማ በዚያ ኮት ነው የተነሳው። ጠዋት ደጅ ላይ ሳነሳ ደግሞ ብርዱን ታውቁት የለ፣ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ፊታቸውን ይሸፍንብኛል፤ እና «ትንፋሽ ያዝ!» እላለሁ፣ ሰውዬው ይይዛል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ቀጭ! ያ ሁሉ ሰው እኔ ባነሳሁት ፎቶ ላይ የደነገጠ የሚመስለው ታዲያ ለዚህ ነው። አትሳቁ።

እነ ሰናይት፣ እነዚህ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ግን ሌላ ናቸው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ነርስ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ አስተማሪ አለች። ካሜራ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ስልክ ነው። እያንዳንዱ በሳምንቱ ካነሳው አንዷን ይመርጣል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የታየውን ሁሉ ይናገራሉ። እና ሕግ አላቸው፤ ባለፎቶው አይናገርም። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ አፉን ዘግቶ ይሰማል።

እኔም አብሬያቸው ገባሁ፤ መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት የአንዲት ድንች ሻጭ ፎቶ ነበር። ዞረ ዞረና ሰናይት እጅ ገባ። «ሴትዮዋ ድንች እየሸጠች ነው ወይስ ፓስፖርት ልታወጣ ነው?» አለች። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔ ሕግ ነው፣ ዝም። ባጃጅ ነጂው ተቀበላት፣ «ኧረ ድንቹም ትንፋሹን ይዟል!» እኔ ዝም።  ታዲያ ቤቴ ገብቼ ረጋ ብዬ ሳየው፣ እውነታቸውን ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀኛላ! ስልኬን ገና ከኪሴ ሳወጣ ሰው ኮሌታውን ያስተካክላል። የማያውቀኝ ሰው ፍለጋ በሚኒባስ ጫጫ ድረስ ሄድኩ፤ ገና ከመውረዴ አንዱ «ጋሽ ታፈሰ!» ብሎ ቀጥ አለ፣ እንደ ወታደር። ለካ ሰርጉን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እና አንድ እሁድ የዘርፌ ተራ ደረሰ።

ዘርፌ ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት ናት፣ ከእናቷ ጋር መጠለያው ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ዝምተኛ ልጅ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው ያላት። ያ ስልክ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። እናቷ ናቸው። ከቧንቧው ጄሪካን ሊሞሉ ጎንበስ ሲሉ ውሃው ፈንድቶ ፊታቸው ላይ ተረጭቷል፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ አፋቸው እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ የፊት ጥርስ የለም፣ ይስቃሉ። ጠብታው ገና አየር ላይ ነው! መሬት አልደረሰም!

እኔ በእኛ ጊዜ ይህን ፎቶ እቀደው ነበር። ስንቱን ቀድጃለሁ፣ ስሙኝ፣ ስንቱን! የሳቀውን፣ ያነጠሰውን፣ ልጇን ልትጣራ ዞር ያለችውን፣ «ተበላሸ» እያልኩ። የዚህ ከተማ ሰው መልኩ የቀረው እኔ ቅርጫት ውስጥ ነው። ይህች ልጅ ግን በዚያ በተሰነጠቀ ስልክ ያዘችው።

ሰናይት፣ ምንም ነገር የማይጥማት ሰናይት፣ «የምለው የለኝም» አለች። የሻይ ቤቷ ባለቤት ግድግዳዋን ለኤግዚቢሽን ሰጥታን ስለነበር ይህ ፎቶ መሀል ላይ ይሁን ተባለ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይኑረው ተባለ፣ ሰናይትም በወረቀት ጻፈችለት፤ «የተፈናቃይ እናት ሳቅ»። አጨበጨብን። እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። ዘርፌ ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ያዘችው፣ ዝም አለች። በሳምንቱ እናቷ እምቢ አሉ ተባለ።

እኔ ምን አሰብኩ? ጥርሳቸው ነው አልኩ። በእኛ ጊዜ የጎደለ ነገር ያለውን ሰው ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ እሞላለት ነበር፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ጥርስ ተከልኩላቸው፣ አንድ በአንድ። ሁለቱንም አሳተምኩ፣ ዋናውንም ባለጥርሱንም፣ እና ወደ መጠለያው ሄድኩ።

የቆርቆሮ በር ነው። አንኳኳሁ፣ እሳቸው ከፈቱ።

«የፎቶ ቤቱ ሰውዬ አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩና ባለጥርሱን ሰጠኋቸው።

አዩት። አራቁት፣ አቀረቡት። «ይህች ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ?» ወደ ውስጥ ዞረው፣ «ዘርፌ! ነይማ፣ ሥራሽን ያበላሸብሽን ሰው እዪው!» ዘርፌ እጇ እንደራሰ ወጣች፣ አየችው፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። እኔ መሬት ብትከፈት በወደድኩ።

«ጥርሴማ» አሉኝ፣ «ጥርሴማ ገና ቤቴ ሳለሁ ነው የወለቀው፣ ወይፈን ነው በቀንዱ የመታኝ። እሱን ከማን ልደብቀው?»

«ታዲያ ለምን አይሰቀል አሉ?»

«ከሥሩ የጻፋችሁትን ልጄ አነበበችልኝ።»  «ቤቴ ቀረ። ከብቶቼ ቀሩ። ስሜም እዚያው ቀረ እንዴ?»

ወደ ዘርፌ ዞርኩ። «ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽን የኔ ልጅ?»

«ሕጋችሁ ነዋ ጋሼ» አለችኝ።

 ያን ሁሉ ዓመት ሰውን «ትንፋሽ ያዝ!» ስል የኖርኩት ሰውዬ ባለጥርሱን ከእጃቸው ተቀብዬ አጠፍኩት። ዋናውን ፎቶ ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። 

«ወይ ይህች ልጅ» አሉ፣ «ውሃውን እኮ አቆመችው።»

ከዚያ መለሱልኝና «እስክሪብቶ ይዘዋል?» አሉኝ። ይዣለሁ። «ይጻፉ። ወይዘሮ የሺ አበጋዝ። ከነአባቴ ስም።» ጉልበቴ ላይ አስደግፌ በፎቶው ጀርባ ጻፍኩ። «ያንብቡት» አሉኝ። አነበብኩት። «ሌላ ነገር አልጨመሩም?»

«አልጨመርኩም።»

«እንግዲያስ ይሰቀል» አሉና በሩን ዘጉት።