የሰው ያለህ!

እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ሳሚ በአዲሱ መኪናው ይዞኝ ከከተማ ወጣንና ከአንድ ተራራ ላይ መንደር በታች ያለ የወንዝ ገደል ልናይ ሄድን። አፋፉ ላይ እንደቆምን ስልኩን ደግኖ «ሲያስተጋባ ልቅረጸው» አለና «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ገደሉ ደጋግሞ መለሰለት፤ እሱም ተንከተከተ።

ብዙም ሳይቆይ ገበሬዎች ገመድና ዱላ ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ የአንድ እግራቸው ኮንጎ ጫማ በሩጫው ወልቆ ቀርቷል። «ማነው ገደል የገባው?» አሉ እያለከለኩ።

«ማንም አልገባም አባባ፣ ለቪዲዮ ነው» አለ ሳሚ።

«በዚህ ቃል ይቀለዳል እንዴ?»

«ታዲያ ማን ሩጡ አላችሁ?» አይላቸው መሰላችሁ!

ደሜ ፈላ። ባለፈው ክረምት ሌባ ደረጃው ላይ ጥሎ ሲረግጠኝ፣ እኔም ሳሚ በር ላይ ያንኑ ቃል ጮኼ ነበር። በማግስቱ «ውይ፣ ቤት አልነበርኩም እኮ» ሲለኝ አምኜዋለሁ።

ለሽማግሌው የመለሰውን ስሰማ ግን ገባኝ፤ ቤቱ ነበር።