የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ

ሰኞ ጠዋት፣ ዴንቨር፤ ባልና ሚስቱ ግዛቸውና ዓይናለም፣ እሷ የድልድይ መሐንዲስ ሆና በምትሠራበት ድርጅት በር ላይ፣ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።

ግዛቸው፦ አንድ ቃል ነው እኮ! ገብተሽ «ቪዛው አይታደስ፣ በሥራ ፈቃዴ እሠራለሁ» ትያቸዋለሽ፤ አለቀ።

ዓይናለም፦ አላለቀም። ይታደስ ነው የምላቸው።

ግዛቸው፦ የሥራ ፈቃድ ካርዱን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ? በሱ እኮ የፈለግሽበት ትሠሪያለሽ። ኤች ዋን ቪዛው ግን ካንድ ቀጣሪ ጋር ያስርሻል። «እንደ በሬ ጠምደውኛል» እያልሽ ስታማርሪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?

ዓይናለም፦ ነኝ። ግን ቀንበሩ የራሴ ነው። ካርዱ የተንጠለጠለው አንተ ለእኔ ባመለከትከው ግሪን ካርድ ላይ ነው። ማመልከቻው ከወደቀ ካርዱም አብሮ ይወድቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ።

ግዛቸው፦ ባልሽ እዚህ ቁጭ ብሎ ለምን ይወድቃል?

ዓይናለም፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።

ግዛቸው፦ አሃ! የሚሰበረው ባላ እኔ ነኛ!

ዓይናለም፦ አልወጣኝም።

ግዛቸው፦ ብንፋታ ካርዱ ይሰረዛል፣ ቪዛሽ ግን አይነካም። ይሄንን አስልተሽ ነው። ማነው የመከረሽ? ያቺ ጓደኛሽ ሮማን ናት፤ ሦስት ባል የፈታችው!

ዓይናለም፦ ሁለት ነው። ደግሞም እሷ አይደለችም። የመከርከኝ አንተ ነህ።

ግዛቸው፦ እኔ?

ዓይናለም፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መኪናዬን አጠብክልኝ። በዚህ ብርድ!

ግዛቸው፦ የሚስቱን መኪና ያጠበ ይከሰሳል እንዴ?

ዓይናለም፦ «ሆዴ» ማለትም ጀመርክ። ከተጋባን ወዲህ አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም።

ግዛቸው፦ ወይ ጉድ! ፍቅርም ያስጠረጥራል?

ዓይናለም፦ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍስ? በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ወርዶ አንተ ኪስ ከገባ ይኸው ሦስት ሳምንቱ። አንተ ሳጥኑ ሞልቶ ፖስተኛው ማስታወሻ ካልለጠፈ የማትከፍት ሰው!

ግዛቸው፦ መንጃ ፈቃዴ ይመጣል ብዬ ነው።

ዓይናለም፦ መንጃ ፈቃድህ አምና ታድሷል።

ግዛቸው፦ ትሰልዪኛለሽ ማለት ነው።

ዓይናለም፦ ድልድይ ሥር ገብቼ ስንጥቅ ስፈልግ ነው የምውለው፤ ደመወዝ የሚከፍሉኝ ለሱ ነው። ቤት ስገባ ዓይኔን አውልቄ አላስቀምጥም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምን ደብዳቤ ነው የመጣው?

ግዛቸው፦ ሰዓትሽ ደርሷል፤ ግቢ።

ዓይናለም፦ ግዛቸው!

ግዛቸው፦ ትንሽ ነገር ናት። የቀን ስሕተት።

ዓይናለም፦ የምን ቀን?

ግዛቸው፦ የጋብቻችን። ሰማንያው ላይ ጥር ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ይል የለ? ያንቺን የግሪን ካርድ ቅጽ ስሞላ እንዳለ ገለበጥኩት።

ዓይናለም፦ በኛ አቆጣጠር? ለፈረንጅ?

ግዛቸው፦ ስምንት ዓመት መጨመሩን ረሳሁት።

ዓይናለም፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ በዲቪ እዚህ የገባኸው በነሱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ነው። የዲቪው ቅጽ ላይ ምን ብለህ ነበር የሞላኸው?

ግዛቸው፦ ያላገባ።

ዓይናለም፦ ስለዚህ በነሱ ዓይን፣ አግብተህ ሦስት ዓመት ከቆየህ በኋላ «ያላገባሁ ነኝ» ብለህ ዋሽተህ ነው የገባኸው።

ግዛቸው፦ እሱኑ አብራራ ነው ኢሚግሬሽኖቹ የሚሉት።

ዓይናለም፦ የኔን ብቻ አይደለም፤ ያንተንም ግሪን ካርድ ሊነጥቁህ ይችላሉ! ስሕተት መሆኑንስ በምን ልመንህ? ከኔ በፊት ሌላ ሰማንያ አለ እንዴ?

ግዛቸው፦ የእናቴን ዐፅም! ፍቼ ድረስ ሄደን ስንፈርም ብዕሩን ያቀበሉኝ አባትሽ አይደሉም?

ዓይናለም፦ የኛንማ አውቀዋለሁ። የጠየቅኩህ ስለ ሌላው ነው።

ግዛቸው፦ ሌላ የለም! ሰማንያ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ባንቺ ነው።

ዓይናለም፦ ጠበቃ እንያዝ ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?

ግዛቸው፦ «ቅጽ ለመሙላት ምን ጠበቃ ያስፈልጋል።»

ዓይናለም፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እሺ፣ ይሄንን ሁሉ እያወቅክ ነው ቪዛሽን ጣዪ የምትለኝ?

ግዛቸው፦ የድርጅታችሁ ጠበቃ ቪዛውን ሲያድስ ያለውን ማመልከቻ በሙሉ አምጪ ይልሻል። ስሕተቱን እሱ ያየዋል፤ አንቺም ታዪዋለሽ። ሳትሰሚ ላስተካክለው ነበር። አፈርኩ፣ ዓይኔ።

ዓይናለም፦ አንተ እንዳታፍር እኔን በተሰነጠቀ ድልድይ ላይ ልታሻግረኝ! ቀን ማንም ይሳሳታል። እኔን ያሳረረኝ እያወቅክ መግፋትህ ነው። መልስ የሚፈልጉት መቼ ነው?

ግዛቸው፦ ሐሙስ።

ዓይናለም፦ የዚህ ሳምንት ሐሙስ? ጽፈሃል?

ግዛቸው፦ ጀምሬዋለሁ።

ዓይናለም፦ ደብዳቤው የት ነው?

ግዛቸው፦ ፊትሽ ያለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመኪናው ወረቀቶች ሥር።

ዓይናለም፦ ጉልበቴ ሥር ደብቀህ ነዋ ስትነዳኝ የከረምከው! የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍም አምጣ።

ግዛቸው፦ እንካ... እንኪ። ምን ልታደርጊ ነው?

ዓይናለም፦ ደብዳቤውን ለድርጅቱ ጠበቃ አሳየዋለሁ። ቪዛዬም ይታደሳል።

ግዛቸው፦ እኔስ?

ዓይናለም፦ የቪዛው ወረቀት ላይ «ጥገኛ የትዳር ጓደኛ» የሚል ቦታ አለ፤ ያንተን ካርድ ቢነጥቁህ በኔ ቪዛ ሥር እዚህ ያቆይሃል። ግሪን ካርድ አለው ብዬ ባዶውን ትቼው ነበር። ስምህን ካስገባሁ ከሥሩ የጋብቻ ቀን ይጠይቃል። ቀኑን እኔ አልሳሳተውም፤ ስምህን መጻፌን ግን ገና አልወሰንኩም።