ወንፊት መቺዋ

እ.ኤ.አ. በ2021 የበጋ ወራት፣ ወበቁ ገና በማለዳ ትንፋሽ በሚያሳጥርበት አንድ ቀን፣ ሙሉወርቅ በሰው አገር ከምትኖርበት ከሊንደን ሰፈር ተነሥታ ወደ ሥራዋ በምትሄድበት አውቶቡስ ውስጥ ቆማለች። ቀኝ ትከሻዋን ስለሚያማት ብረቱን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ይህን ያየች ማስክ ያጠለቀች ወጣት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«በእግዚአብሔር፣ ተቀመጪ ልጄ።»

«የለም፣ ትከሻዎ አሞዎታል።»

«ከመዶሻ ጋር ስታገል እየዋልኩ እንዴት አያመኝ?» አለች ሙሉወርቅ እየተቀመጠች።

«ግንበኛ ነዎት እንዴ?»

«ወንፊት መቺ ነኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሙሉወርቅ ከከተማው ዳር ባለችው ኦቤትስ ውስጥ የሕፃናት ምግብ ዱቄት በሚነፋበት ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርታለች። ትልቁን ክብ ወንፊት ሞተር ያንቀጠቅጠዋል፤ ሆኖም ዱቄቱ እጅግ የላመ ስለሆነ የወንፊቱን ዓይን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ እሷ ጠርዙን በጎማ መዶሻ ትመታለች። ሥራውን ያስተማሯት ጋሼ ጀማነህ ጡረታ ሲወጡ፣ «ወንፊትና ከበሮ ካልተመቱ አይናገሩም» ብለው መዶሻውን አስረክበዋት ነበር።

ወጣቷ ስሟ ሔርሞን መሆኑን ነገረቻት።

«እትዬ፣ እኔም ዛሬ የምሄደው እዚያው ነው። መሣሪያ ገጣሚ ነኝ፤ ስለ ወንፊቱ ነው የላኩኝ።»

የሙሉወርቅ ልብ ድንግጥ አለ። ባለፈው ሳምንት እንደ ፀጉር የቀጠነች ስባሪ ሽቦ ዱቄቱ ውስጥ ተገኝታ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሁለተኛ ከተገኘ ይህን ወንፊት እዘጋዋለሁ፤ ሠራተኞቹም ይሰናበታሉ» ብሎ ነበር።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«አልትራሳውንድ እንገጥምለታለን።»

«አልትራሳውንድ? ልጄን ሶልያናን ሳረግዝ ሆዴ ላይ ያደረጉልኝን? ወንፊቱ ደግሞ ምን አርግዞ ነው?»

«አላረገዘም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው» አለች ሔርሞን እየሳቀች። «ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው፣ እትዬ። ይኼኛው በሴኮንድ ሠላሳ አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚንቀጠቀጥ ጆሯችን አይሰማውም። ሽቦው በዓይን በማይታይ መጠን ሲርገበገብ ዱቄቱ ለመጣበቅ ፋታ አያገኝም።»

«የማልሰማውን ነገር እንዴት ልመን? እኔ መደፈኑን የማውቀው በድምፁ ነው።»

«መልካም። አንድ ጊዜ ከመቱት ለምን ያህል ጊዜ ያሳልፋል?»

«አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ጠበቅ አድርጌ እመታዋለሁ።»

«በመዶሻ ሲመታ ዱቄቱ ይበልጥ ይጠቀጠቃል፤ ሽቦውም ይደክማል። የደከመ ሽቦ ደግሞ ይበጠሳል። ያቺ ስባሪ ከየት የመጣች ይመስልዎታል?»

ሙሉወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። አጥብቃ የምትመታው እኮ ጓሉ ፈርሶ የማንንም ልጅ ጉሮሮ እንዳይዝ ብላ ነበር።

ፋብሪካው እንደደረሱ ሔርሞን፣ «ትራይ እናድርገው፤ ካልሠራ መዶሻዎን እኔው አቀብልዎታለሁ» አለቻት። አዲስ ሽቦ ከነመሣሪያው ተገጠመ። ሙሉወርቅ መዶሻዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጆሮዋን አቀናች። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥርም፣ ሠላሳም። ዱቄቱ እንደ ውሃ ይወርዳል። እንደ ድሮው ክዳኑ ተከፍቶ ስላልተጠረገ የዱቄት ብናኝ አልተነሣም፤ ማስክዋም አልነጣም።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ይኸው! ተደፈነ!» አለች፣ ደስ ያላት ይመስል።

ሞተሩን አጥፍተው ከፈቱት። ሽቦው ላይ የተቀመጠው ጓል ነበር። ሙሉወርቅ አንዱን አንሥታ በጣቶቿ ፈረከሰችው።

«ይኼ እርጥበት ነው። ከበሩ አጠገብ ካለው ከረጢት ነው የመጣው። በዚህ ወበቅ ከረጢት ከፍቶ ማሳደር ደግ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ!»

«ይህን አላውቅም ነበር» አለች ሔርሞን። «መሣሪያው እርጥብ ዱቄት አያደርቅም። የነፊ ጆሮ ያስፈልገዋል።»

ሙሉወርቅ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ ለእኔ ምን ሥራ ቀረልኝ?»

«ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊትና በኋላ ሽቦውን በመብራት መመርመር፤ ያዩትንም ቅጹ ላይ መጻፍ።»

ሙሉወርቅ መዶሻውን መልሳ አነሣችው።

«እኔ… ገና መጻፍ እየተማርኩ ነው» አለች ሙሉወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቸርች። መዶሻ ወረቀት አይጠይቅም ነበር።»

አዲስ ነገር አልፈልግም የሚል ሰው ሁሉ የሚሸሸው ያንኑ ነገር አይደለም። ሙሉወርቅን ያስፈራት የማይሰማው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ባዶው ወረቀት ነበር። ሔርሞን ይህን ስትረዳ ወንበር ሳበችና ከጎኗ ተቀመጠች።

«ቅጹን አብረን እናውጣው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እርስዎ ምን እንደሚታይ ይንገሩኝ፣ እኔ ቃሉን አሳይዎታለሁ። ስለ ከረጢቱም እንጻፍበት።»

«እጄ ቀርፋፋ ነው።»

«ሽቦው አይቸኩልም፣ እትዬ።»

ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ ሁለተኛ ስባሪ አልተገኘም፤ ወንፊቱም አልተዘጋም። ቀድሞ ወንፊቱ እየተደፈነ ይጣል የነበረው ዱቄት አሁን ያልፋል፤ ሽቦው ቶሎ አያረጅም፤ ከረጢት የሚከፈተው ሊነፋ ሲል ነው። የሙሉወርቅ ቀኝ እጅ በአውቶቡስ ብረቱን መያዝ ጀምሯል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ያን ዱቄት ለልጇ የምትበጠብጥ፣ ሙሉወርቅ የማታውቃት አንዲት እናት ሳታውቀው ተጠብቃለች።

በመጀመሪያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ናቸው፦ «ሽቦው ደህና ነው። ሙሉወርቅ።»

መዶሻው ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይም አሁን በክር የታሰረ እስክሪብቶ ተንጠልጥሏል።