ከሥራ ገበታቸው ታጥተው የማያውቁት ስልከኛ

ከዳንግላ ከተማም ከገጠሩም፣ ከኮሶበርም ከጥሊሊም ድረስ እግራችሁን አንሥታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ካህናት አባቶቻችን ፍትሐቱን አድርሰዋልና አፈሩ ከመመለሱ በፊት ስለዚህ ሰው ጥቂት ልናገር ተነሥቻለሁ። እኔ ደርበው የባለቤታቸው የወይዘሮ ይታይሽ ታላቅ ወንድም ስሆን፣ ከሟቹ ጋር በአማችነትም በጎረቤትነትም ሃያ ዓመት ያህል አብረን ኖረናል። በእንዲህ ያለ ቀን ደግ ደጉን ብቻ ማንሣት ልማድ ቢሆንም፣ እርሳቸው የገዛ ስሕተታቸውን ሸሽገው የማያውቁ ሰው ነበሩና፣ እኔ ዛሬ ልሸፋፍንላቸው ብል ከሣጥኑ ውስጥ ሆነው የሚታዘቡኝ ይመስለኛል።

አቶ ሀብቱ አበረ በአገው ምድር፣ በእንጅባራ፣ ከኮሶበር ገበያ ማዶ ባለች መንደር ከአባታቸው ከአቶ አበረና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ በ1911 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው ስላጡ፣ እናታቸው ማሳውን በደቦ እያሳረሱ፣ ገብሱንና ድንቹን በጀርባቸው አዝለው ኮሶበር ገበያ እያወረዱ፣ ሌላ ባል ሳያገቡ አንድ ልጃቸውን አሳደጉ። አቶ ሀብቱ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ሲሆን፣ አማርኛን የለመዱት በደብሩ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩና ዳዊት ሲደግሙ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ወደ ዳንግላ መጥተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገቡ ጢማቸው አቀማቅሞ ስለ ነበር፣ ከሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ሒሳብ ሲማሩ ያየ ሁሉ ይሥቅ ነበር፤ እርሳቸው ግን አብረው እየሣቁ አራተኛ ክፍል ደረሱ።

በ1942 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ ይታይሽን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ሽምግልና በተላከብን ቀን አባቴ የልጁን ጠባይ ቢጠይቁ፣ ሽማግሌዎቹ ቃሉን የማያጥፍና ሰዓቱን የማያሳልፍ ነው ብለው መልሰውላቸዋል፤ ይህ ምስጋና በኋላ ምን ያህል እንደሚፈትናቸው በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

በ1944 ዓ.ም. የዳንግላ ስልክ ቤት አማርኛም አገውኛም የሚናገር ስልከኛ ሲፈልግ እርሳቸው ተቀጠሩ። ቀዳዳዎች በተደረደሩበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው፣ ደወል ሲጮኽ አንዱን ገመድ ነቅለው ሌላውን እየሰኩ፣ ደዋዩን ከተደዋዩ ያገናኙ ነበር። ያኔ ስልክ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ስለ ነበር፣ ገሚሱ ጋራ ለጋራ የሚጠራራ ይመስል ይጮኻል፣ ገሚሱም የሩቁ ሹም ድምፅ ሲመጣለት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣል። አቶ ሀብቱ ግን አንዱንም ሳያሳፍሩ፣ ሁሉንም በየቋንቋው እያረጋጉ ያነጋግሩት ነበርና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድምፃቸውን የማያውቅ አልነበረም።

ሥራቸውን በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ከሥራ ገበታው ላልታጣ ሠራተኛ ሽልማት እንዲሰጥ ተወሰነ። በመስከረም ከደብረ ማርቆስ ኃላፊ መጥተው፣ በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አግዳሚ ተደርድሮ፣ የየጣቢያው ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ተሰብስቦ ስም ሲጠራ፣ የተጠራው ስም የአቶ ሀብቱ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት የሱፍ ካፖርት፣ በሁለተኛው የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ በሦስተኛው ደግሞ ፎቶግራፋቸው በመስተዋት ተከብቦ በስልክ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በልጅነታቸው የእንጅባራ ካፊያ በስስ ኩታ ላይ ሲወርድባቸው ያደጉ ሰው ናቸውና፣ ያን ካፖርት በመጋቢት ፀሐይ እንኳ አያወልቁትም ነበር። ደስታቸው የሕፃን ደስታ ነበር፤ እኛም አብረናቸው ተደስተናል።

ነገር ግን ከሥራ ገበታ ላለመታጣት ሲሉ ከቀብር መታጣት ጀመሩ። ከሩቅ የሚመጣ የሞት ወሬ ሁሉ በእጃቸው ስለሚያልፍ፣ የዳንግላን ሐዘን ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት እርሳቸው ነበሩ፤ ከቀባሪው መካከል ሲፈለጉ የማይገኙትም እርሳቸው ነበሩ። የእድር መዋጮአቸውን አጓድለው አያውቁም፤ ወይዘሮ ይታይሽም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ስለ ሁለት ሰው እያለቀሰች በየለቅሶው ትደርሳለች፤ ባልሽ ወዴት ነው ስትባል ስልኩን ማን ይጠብቅ ትላለች፤ ይህን ያለችበትን ቤት ሁሉ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ምህረቴ አንድ ቀን ስልክ ቤት ድረስ ሄደው ከመከሯቸው በኋላ፣ ሲወጡ ቀባሪ አያሳጣህ ብለው መረቋቸው፤ ምርቃቱ ግን ምርቃትም ማስጠንቀቂያም እንደ ነበር ሁለቱም ያውቁታል።

በ1949 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ አራተኛው ሽልማት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ከኮሶበር ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የአጎታቸው ልጅ ነበር። ይህ ሰው በደወለ ቁጥር በአገውኛ የልጆቹን ጤና አንድ በአንድ፣ የላሚቱንም ጭምር ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ፣ ተራ ጠባቂዎችን የሚያስመርር ወሬኛ ነው። ያን ዕለት ግን በአማርኛ፣ ልክ እንደማያውቃቸው ሰው፣ አቶ ደርበውን ከሱቃቸው ያስጠሩልኝ ብቻ አለ። አቶ ሀብቱ አስጠሩኝ፤ ስመጣም መነጋገሪያውን በእጄ ሰጥተው፣ ገመዱን ሰክተው፣ የራሳቸውን ማዳመጫ ከጆሯቸው አውርደው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እናታቸው ወይዘሮ ሸጋ አርፈዋል። ልጃቸው እስኪደርስ ቀብሩ ለማግሥቱ ቆይቷል። በእኛ ወግ ሰው በሥራው ላይ ወይም በመንገድ ላይ ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገረውም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ከደጁ ደርሶ ደግፎ ይዞ ያረዳዋል። ስለዚህ መነጋገሪያውን ስመልስላቸው የድንች ዘር ጉዳይ ነው አልኳቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው አንዲት ቃል ሳይጠይቁኝ ወደ ሰሌዳቸው ተመለሱ፤ እስከ መዝጊያው ሰዓትም የሰውን ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ ዋሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ነገር ራሳቸው አንሥተው እንዲህ ብለውኛል፦ «ያን ዕለት ከወንበሬ ያልተነሣሁት ለወጉ ይሁን ለሽልማቱ፣ እስካሁን ለይቼ አላወቅሁም።»

ጎሕ ሳይቀድ አርጂ ልሰበስብ በየደጁ ዞርሁ። አንዱ ወገቡን ታሟል፣ የአንዱ ላም ልትወልድ ነው፣ አንዱ ደግሞ እግዜር ይስጠውና ሳይዋሽ፣ አባቴን ስቀብር ሀብቱ የት ነበር ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው። የእድሩ ዳኛ እንኳ የሰው ፊት አይተው ወደ ኋላ አሉ። እሺ ብሎ አብሮኝ የወጣው ባለጋሪው አቶ አድማሴ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚስቱን አፈር የመለሰው በዚያው ዓመት በሁዳዴ ሲሆን፣ አቶ ሀብቱ በዚያ ቀብር ላይ አልነበሩም። ሁለታችን ደርሰን በሩን ስናንኳኳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። እኛ አፋችንን ሳንከፍት በአድማሴ ትከሻ ላይ ተደፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሦስታችንና ይታይሽ በጭነት መኪና ተሳፍረን ኮሶበር ደረስን። የመንደሩ ለቀስተኛ ከከተማ የሚመጣውን የልጃቸውን ወገን ሊቀበል በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ እኛ ከመኪናው ወርደን መኪናው ሲሄድ ከኋላችን ማንም እንደሌለ ሁሉም አየ። አልቃሿም በአገውኛ «ሸጋዬ፣ የልጅሽ አገር ሰው በየት በኩል ቀረ?» ብላ ስታወርድ፣ አቶ ሀብቱ የእናታቸውን ቃሬዛ በአንድ ትከሻቸው እንደ ተሸከሙ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እኔ በዘመኔ ብዙ ቀብር ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ግን የለም።

ሐዘናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ አስቀድመው የገቡት አድማሴ ቤት ነው። ካፖርቱን ለአድማሴ አለበሱት፤ ከዚያም ቀጥለው ያልቀበሩለትን ሰው ቤት ሁሉ እየዞሩ፣ ዓመት ያለፈውን ሐዘን ሳይቀር እንደ ትናንት ቆጥረው ለቅሶ ደረሱ። እንባው ከደረቀ ወዲያ ምን ያደርጋል ብሎ የተቆጣቸውም ነበር፤ እርሳቸው ግን ቁጣውን እስኪጨርስ ከደጁ ተቀምጠው ጠበቁት። የግድግዳውን ሰዓት ለእድሩ ሰጡ፤ እነሆ እስከ ዛሬ በእድሩ ዕቃ ቤት ተሰቅሎ፣ እንደ ባለ እድሮቹ ጥቂት እየዘገየም ቢሆን ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በዳንግላ ዙሪያ ሰው ተቀብሮ አቶ ሀብቱ ያልተገኙበት ጊዜ አላውቅም። ሰንበቱንና በዓሉን ስለ ባልደረቦቻቸው እየሠሩ፣ በለውጡ የቀብሩን ሰዓት ይወስዱ ነበር፤ ተተኪ ባልተገኘ ጊዜም አስቀድመው ተናግረው ይሄዳሉ፣ ቅጣት ቢመጣም ሳያጉረመርሙ ይቀበላሉ። ሞት በስልክ ሲመጣ ደዋዩን ታገሥ ብለው፣ ሽማግሌ አስጠርተው፣ ወሬው በሜዳ ሳይበተን በወጉ እንዲደርስ ያደርጉ ነበር፤ ማለዳም ከአርጂዎቹ ጋር አብረው ይቆማሉ። በየመስከረሙ ኃላፊው መጥተው የሌላ ሰው ስም ሲጠሩ፣ ከኋላ ቆመው ከሁሉ አብልጠው ያጨበጭቡ ነበር። አንድ ዓመት ኃላፊው ወደ ግድግዳው ፎቶግራፍ እያመለከቱ፣ ያ ትጉህ ሰው ወዴት ሄደ ብለው ቢጠይቋቸው የመለሱትን ቃል ዳንግላ ሁሉ ያውቀዋል፦ «ጌታዬ፣ እኔ ከስልኩ ብቀር ዳንግላ ግማሽ ቀን ዝም ትላለች። ከቀብሩ ብቀር ግን ያ ሰው ሁለተኛ አይቀበርልኝም።» ኃላፊው ተቆጥተው እንደ ሆነ ወይም አዝነው አላውቅም፤ ፎቶግራፉን ግን አላወረዱትም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ስለ ነበር፣ በጸበልም በሐኪምም ሲረዱ ቆይተው፣ ባሕር ዳርም ተወስደው ታክመው ነበር። አልጋ ከያዙ በኋላ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው በዚህ መካከል ሰው ሞቶ ሳይደርሱለት መቅረታቸው ስለ ሆነ፣ ጠያቂ በገባ ቁጥር ማን ሞተ ይሉ ነበር። እኅቴ ከቀብር የቀሩበትን ጊዜ ስታስተባብል እንደ ኖረች ሁሉ፣ በመጨረሻም ማንም አልሞተም እያለች ታጽናናቸው ነበር። ትናንት ማለዳ፣ ሚያዝያ 1961 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው፣ ቄሰ ገበዙ ጸሎት እያደረሱላቸው በሰላም አረፉ። ወሬውን ወደ ኮሶበር ያደረሰችው እርሳቸው ያስተማሯት ስልከኛ ወይዘሪት ወርቅአየሁ ስትሆን፣ እንደ ሰጧት ትምህርት ለአጎታቸው ልጅ አልነገረችውም፤ ሽማግሌ አስጠርታ ለሽማግሌው ነገረች።

አቶ ሀብቱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይታይሽን፣ ልጆቻቸውን ገበየሁን፣ ውቢትንና ደጊቱን፣ በኮሶበር ያሉ ወገኖቻቸውንና እዚህ የቆመውን ይህን ሁሉ ሰው ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ቀባሪ ልሰበስብ ስወጣ አንድም በር ማንኳኳት አላስፈለገኝም፤ ሁሉም ከደጁ ቆሞ ነበር። አልቃሿም እንደዚያ ጊዜ የምትጠይቀው የላትም። ከዚህ ፊት ለፊት ከቃሬዛው እግር በኩል የቆመው አድማሴ ያን ካፖርት ለብሶታል፤ አልቋል፣ ክርኑም ተቀድዷል፣ እርሱ ግን ለዛሬ ብሎ ያኖረው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዘንድሮ እስከ ትናንት ድረስ አንድም ቀን ያልቀረች፣ ለመስከረሙ ሽልማት ስሟ የሚጠራ ወርቅአየሁ ነበረች። ይህችውና ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ ሽቦ ጠጋኙም፣ ዘበኛውም፣ የስልክ ቤቱ ሹምም እዚሁ ናቸው። የስልክ ቤቱ በር ተቆልፏል፣ ቁልፉም በሹሙ ኪስ ነው። በዚህ ሰዓት ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም የሚደውል ሰው ቢኖር የሚመልስለት የለም፤ ዳንግላ ዝም ብላለች። የዘንድሮው ሽልማት ባለቤት አጥቷል።

የእያንዳንዱን ሐዘንተኛ ደጅ የረገጡትን እግሮች አምላከ አብርሃም በገነት ደጅ ያቁማቸው፤ ነፍሳቸውን ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ ነፍስ ጋር በደጋጎች አባቶች ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለእኅቴና ለልጆቿም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን። እንግዲህ ጎበዝ፣ አፈሩ በወጉ ተመልሶ እስኪደለደል ድረስ ማንም አይቸኩል፤ ስልኩ ይቆያል።