ድምፅ የሚሰማው ወንድም

ከካሮልተን ከተማ በሚነሳው ባቡር፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት በአማርኛ ያወራሉ።

«ያ ጥቁር ሰዎችን እየመረጠ ሲገድል የነበረው ሰውዬ ተፈረደበት አሉ።»

«ሰማሁ አባባ። ለዓመታት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማው ያሳከመው የለም።»

«ስንቱ ድምፅ ይሰማዋል፣ ሰው ግን አይገድልም። የሱ ጥላቻም አለበት።»

«ልክ ነዎት። እሱ ሲያዝ ግን ደነገጥኩ። ወንድሜም ድምፅ ይሰማዋል፤ ሰው ምን ይላል ብለን ደብቀነው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ፓስተራችን ጋ ወሰድኩት፣ ጋኔኑን ያስወጣልኛል ብዬ።»

«ወጣለት?»

«‹እኔ እጸልያለሁ፣ አንቺ የሐኪም አፖይንትመንት ያዢ› አለኝ።»

«አበጀ!»

«ሶ፣ ይኸው መድኃኒት ከጀመረ ስድስት ወሩ። ዛሬ ጠዋት ራሱ ኮል አድርጎ ‹ኪኒኔን ውጫለሁ፣ አታስቢ› አለኝ።»

የምወርድበት ጣቢያ ሲያልፈኝ፣ ዓመት ሙሉ ያልደወልኩለትን የታላቅ ወንድሜን ቁጥር ስልኬ ላይ እየፈለግኩ ነበር።