ለቁልፌ ያልተነገራት ክርክር

ወደ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ሱቅ የገባሁት ሱሪዬን ለማስጠበብ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሳሁና ባለቤቴ «ሱሪው ነው አንተን ለብሶህ የሚሄደው» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። በሩ ላይ ከልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ጋር ተገጣጠምን። መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ልጅ ሳለች ያስተማርኳት እኔ ነኝና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። በእጇ ወረቀት ይዛለች። «እንኳን መጡልኝ መምህር፤ እርስዎ ካሉ አጎቴ አይቆጣኝም» አለች። ለሽምግልና መፈለግ ደስ ይለኛልና ተከትያት ገባሁ።

ወዳጄ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሯል። ፊት ለፊቱ ሃያ ዓመት የሞላት አንድያ ልጁ ኮት ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እናቷ የሞተችው ልጅ ሳለች ስለነበር እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። «ቁልፌ» ነው የሚላት። ሁለቱ የሚግባቡት ራሳቸው ባወጡት ምልክት ነው፤ ካውያው ሲግል ጣት ያራግፋሉ፣ ደንበኛው ቆንቋና ሲሆን ጡጫ ይጨብጣሉ። የእኔ ምልክት ሆድን በሁለት እጅ ክብ አድርጎ ማሳየት ነው፤ ብከሳም አልተቀየረልኝም። ትክክለኛውን የምልክት ቋንቋና ንባብ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያስተማረቻት ይህችው መምህርት ናት። አባትየው ግን «እኛ እንደሆን ተግባብተናል» ብሎ አልተማረም።

መምህርቷ ወረቀቱን ዘርግታ አስረዳች። ትምህርት ቤቱ መስማት ለተሳናቸው ወጣቶች የሦስት ወር ትምህርት ሊሰጥ ነው፦ ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ፍቅርና ትዳር፣ ስለ እርግዝና፣ አልፈልግም ስለማለትም። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። «ልጄ፣ ማንበብ አስተምረሽልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ግን ተይው። ያላሰበችውን ነገር ለምን ታሳስቢያታለሽ?» ልጁ ገና ሕፃን መሆኗን፣ ከዚህ ቤት ወጥታ የትም እንደማትሄድ፣ ትዳር የሚባለውም ለእሷ እንደማይሆን ረጋ ብሎ ነገራት።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ያደላሁት ለእሱ ነበር። ስንት ዓመት ሳስተምር፣ የሰውነት ክፍሎች የሚለው ምዕራፍ ወገብ ላይ ሲደርስ «ቀሪውን ቤታችሁ አንብቡ» እያልኩ የዘለልኩ ሰው ነኝ።

«አጎቴ፣ ጆሮዋ ስላልሰማ አካሏ ሕፃን ሆኖ አልቀረም፤ ልቧም እንደዚያው» አለች። «እርስዎ ይጠብቋታል፣ አውቃለሁ። ግን ሁልጊዜ አጠገቧ አይሆኑም። ክፉ ሰው ደግሞ የሚመርጠው መናገር የማትችለውን ነው። ያላግባብ የነካት ሰው ቢኖር በየትኛው ምልክት ትነግርዎታለች?»

ልብስ ሰፊው ሊያሳያት እጁን አነሳ። ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ። ለካውያ ምልክት አለው፣ ለቆንቋና ደንበኛ አለው፤ ለዚህ የለውም። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

«ሴት ደንበኛ ስትመጣ፣ ሜትሩን ደረቷ ላይ ከማዞርዎ በፊት ምን ይላሉ?» አለች መምህርቷ።

«‹ይፍቀዱልኝ› እላለኋ። የሙያው ሥርዓት ነው።»

«ለምን?»

«ገላው የሷ ነዋ።»

«የቁልፌ ገላስ የማን ነው?»

ይሄኔ ተቆጣ። ልጄን ጠብቄ ባሳደግኩ ልወቀስ ነው ወይ አለ። እሷም ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እኔም አስታርቃለሁ ብዬ ከሁለቱም በላይ ጮህኩ። ሦስታችንም ስለ አንዲት ልጅ መብት ስንጯጯህ ጠረጴዛው ተደበደበ።

ቁልፌ መርፌዋን አስቀምጣ ቆማለች። እጆቿ ፈጥነው ይናገራሉ። መምህርቷ ዝግ ባለ ድምፅ ተረጎመችልን፦ «‹ወረቀቱ ላይ ስሜን አየሁት። የምትጣሉት ስለ እኔ ነው። ለምንድነው ማንም ያልነገረኝ?› ትላለች።»

አፈርን። ከሁላችን ይልቅ ያፈረችው መምህርቷ ናት፤ የምልክት ቋንቋ አስተማሪዋ ስትናደድ እጇን ረስታ በአፏ ብቻ ስትከራከር ቆይታለች። እኔም ሽማግሌ ነኝ ብዬ ገብቼ ባለጉዳይዋን ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። መምህርቷ ይቅርታ ጠይቃ ወረቀቱን ሰጠቻት። ቁልፌ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። መምህርቷ ቃል በቃል ተከተለቻት።

«‹አባዬ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ደም አየሁ። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜም አንሶላዋ ላይ ደም አይቼ ነበር፤ የሷ በሽታ የያዘኝ መሰለኝ። በየወሩ አሁንስ ልሞት ነው እል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ። ልንገርህ ብል ምልክት የለንም። እንዳታለቅስ ብዬ ጨርቁን እደብቅ ነበር።›»

ልብስ ሰፊው ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ግን ምስጢሩ የሷ ነው፤ ሳትፈቅድልኝ አልነግርዎትም።»

ወዳጄ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። ከክፉ ሁሉ ጠበቅኳት ባለባቸው ዓመታት ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ቁልፍ እየተከለች፣ ሞቷን ስትጠብቅ ኖራለች። ቁልፌ መጥታ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«በይ አምጪው፤ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አላት መምህርቷን።

«እርስዎ አይፈርሙም አጎቴ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የምትፈርመው እሷ ናት። እኔ የመጣሁት ምርቃትዎን ፈልጌ ነው።»

መረቀ። ቁልፌም ፈረመች።

ይህ ትምህርት ምን ጠቀመ ለሚል ሰው ያየሁትን ልንገረው። ቁልፌ ዛሬ ሰውነቷን አትፈራውም፤ ሐኪም ቤት ሄዳ የሚያማትን ራሷ በአስተርጓሚ ታስረዳለች። ጨርቅ የሚያመጣው ሰውዬ ሰላምታ እያለ ወገቧን ይይዝ ኖሯል። እሷ አስቁማው ለአባቷ ነገረች፤ ወዳጄም ያን ሰውዬ ዳግመኛ ደጁን አላስረገጠውም። መንገር የምትችል ልጅ ከማንም ጠባቂ በላይ ራሷን ትጠብቃለች፤ መውደድንም ሆነ መተውን ራሷ ትመርጣለች። አባትየውም ማምሻውን ሱቁን እየዘጋ የምልክት ቋንቋ ይማራል፤ ጣቶቹ ግን ከመርፌ ሌላ ሥራ አልለምድ ብለው ያስቸግሩታል።

ትምህርቱ ባለቀ ሰሞን ሱቁ ተቀምጬ ሳለሁ ቁልፌ ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀችው። አብሯት የተማረ አንድ አናጺ ወጣት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ወዳጄ ሁለቴ አስደግሟት ተረዳና ለእኔ ተረጎመልኝ።

«‹እማዬን ልታገባት ስትል ፈርተህ ነበር?› ትለኛለች።»

መልሱን ያውቃል፤ ምልክቱን ግን ገና አልተማረውም። ጠመኔውን አነሳና ፊቱ ባለው ጥቁር ጨርቅ ላይ «በጣም» ብሎ ጻፈላት። ቁልፌ ሳቀች። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዛ፣ በእጅ እንዴት እንደሚባል አስተማረችው።