ሱሪው እስኪያጥር

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። እዚች ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ያቺኛዋ እግሯ ይነቃነቃል። ለቀሚስዎ ዚፕ ነው የመጡት አይደል? ቀይሬዋለሁ። ይቺን ልጨርስና አንዴ በካውያ ተኩሼው ይወስዱታል። ጉልበትዎ እንዴት ነው በዚህ ዝናብ? ተመስገን ነው።

ኧረ እሱን አያስቡ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ደንበኛ ነው። ሱሪው ረዝሞበት ላሳጥርለት አውልቆ ሰጥቶኝ ነው። ነገ ሹመት አለው፣ ለዚያ ነው ጥድፊያው። አይሰማንም… ቢሰማስ? ስለ እሱ መች አወራን?

ወንድሜ? አስተማሪው? አለ፣ ቤት ይውላል። ከሥራ አግደውታል እኮ፣ አልሰሙም? በስልክ ምክንያት ነው። ጣሪያው ውስጥ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሳሎኑ ላይ ሲወርድበት ቧንቧ ሠሪ ጋ ደወለ። መጣሁ አለው። ደግሞ ደወለ። መንገድ ላይ ነኝ አለው። ቧንቧ ሠሪ ያውቁ የለ? ሳምንቱን ሙሉ ሲደውል ከረመ። ለካ ያ ቧንቧ ሠሪ መንግሥት የሚፈልገው አንድ ሰውዬ ቤትም ገብቶ ሠርቶ ኖሮ፣ የቧንቧ ሠሪው ስልክ ላይ የገባ የወጣው ሁሉ ይታያል። ወንድሜን ጠሩት። ለዚህ ሰው ይኼን ያህል ለምን ደወልክ? አሉት። ስለማይመጣ፣ አለ። የማይመጣ ሰው ጋ ደግሞ ይደወላል? አሉት። ጉድ እኮ ነው እትዬ… የሚመጣ ሰው ጋማ ማን ይደውላል?

ታዲያ እዚያ ስልክ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት አንድ ዘመድ አለን፣ በጋብቻ። ስም አልጠራም፣ ጨዋ ሰው ነው። ሥራው ማን ለማን እንደደወለ ማየት ብቻ ነው። ምን እንደተባለ አይሰማም፣ ነውር ነዋ። ቁጥር ብቻ ነው የማየው ይላል። እውነቱን ነው። እኔስ ከሰው ገላ ምን አያለሁ? ልክ ብቻ። አሁን የዚህ ደንበኛዬ ወገብ ከአምናው ዘንድሮ ሰፍቷል። ምን እንደበላ፣ የማንን እንደበላ ጠይቄው አላውቅም። ሆድ ካገር ይሰፋል ሲባል ምሥጢር ለመያዝ ይመስለኝ ነበር…

የወንድሜን ቁጥር አውጥቶ የሰጠው እንግዲህ ይኸው ዘመዳችን ነው። ክፋት አይምሰልዎት፣ እንጀራው ነው። ደግሞ እኮ ቧንቧውን ያውቀዋል! ወንድሜ ቤት ከነሚስቱ ምሳ ተጋብዞ፣ ውሃው ከጣሪያ ሾርባው ውስጥ ጠብ ሲልበት፣ ሳህኑን ፈቀቅ አድርጎ በልቷል። ቧንቧ ሠሪ ጥራ እንጂ ብሎ የመከረውም ራሱ ነው። ጥፋቱስ የወንድሜ ነው፣ ዘመድ ብሎ ምክር የሰማው። ወንድሜ የተጠራ ቀን ዘመዳችን አንዲት ቃል፣ ቧንቧው እውነት ያፈሳል፣ እኔም ላይ ጠብ ብሏል ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እውነትም እሱ አልነቀዘም፣ የነቀዘው የወንድሜ ወለል ነው። ቧንቧ ሠሪውም ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ወንድሜ ያሳዝነኛል እትዬ። ጠመኔ የለመደ እጁ ባልዲ ሲደፋ ይውላል።

የዘመዳችን ሚስት አልቅሳ ጠየቀችው አሉ። ያደረግኸው ልክ ነው ወይ? ሕጋዊ ነው አላት። ሕጋዊ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ልክ ነው ወይ? ነገርኩሽ እኮ፣ ሕጋዊ ነው። ስንት ሰዓት ነው ሲሉት ሰዓቱ የኔ ነው እንደሚል ሰው። ከነገ ወዲያ የወንድሜ ጉዳይ ይታያል፣ ወይ ይመለሳል ወይ ይባረራል። ያቺን የሾርባ ነገር የሚመሰክርለት አንድ ሰው ቢገኝ ክፍሉ ይገባ ነበር። ዘመዳችን ግን ሳልጠራ አልሄድም ብሏል። ለምሳ ሲሆን ግን ሳይጠራም… ይተዉት፣ ሐሜት ይሆንብኛል። እሱም ነገ ይሾማል አሉ። ከዚህ ደንበኛዬ ጋር ቀናቸው መገጣጠሙ አይገርምም?

ሰሙ? ሳለ። ብርድ ነው እትዬ፣ እግሩ ባዶ አይደል? ትንሽ ይታገሱኝ ጌታዬ፣ ክሩ ተበጥሶብኝ ነው። ዛሬ ክሩ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሲበጠስብኝ ዋለ። ያላለቀ ልብስ ደግሞ አልመልስም፣ በሩ ላይ የተለጠፈ የቤቱ ደንብ ነው። ሰውን ያለ ሱሪ ማቆም ልክ ነው ወይ ቢሉኝ… መቼም ሕጋዊ ነው።

በሉ ጨረስኩ። ጌታዬ፣ እጅዎን ብቻ በመጋረጃው ያውጡ፣ እኔ አላይም።

እትዬ፣ ያን ዘመዳችንን መንገድ ላይ ካገኙት ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ደውዬ እንዳልመርቀው ስልክ ፈርቻለሁ። እግዜር ሹመቱን ያጽናለት። ዕድሜ ይስጠው። ልጆቹን ያሳድግለት፣ ቁርጥ እሱን ይምሰሉለት። አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያቀብለው ሲፈልግ፣ ዙሪያውን ከበው ሕጉ የሚያዛቸውን ሁሉ ያድርጉለት። አንዲት ሳያጎድሉ… አንዲት ሳይጨምሩ። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።